ጭራቁ ጎረቤት እስኪሆን

አዋሽ ሰባት ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይሄዳል፤ ሌላው ገዋኔን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፎ በገላፊ በኩል ጅቡቲ ይወርዳል። አንድ ግንቦት፣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ እዚያው ከተማ ላይ ተበላሽቶ ቀረና፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ባዶውን ወደ ወደብ የሚወርድ ተሳቢ ለምኜ ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ ሃምሳን የተሻገረ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ረዳቱ የዱብቲ ልጅ፣ ሃያ አምስት የማይሞላው አፋር፣ መሐላችን ተቀምጦ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዟል። አዋሽ አርባን እንዳለፍን ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ።

«እሺ፣ የት ነበር ያቆምነው?»

«ንግሥቲቱ መጥታ ነበር፣ ጋሼ።»

«ያቺ የኦክላሆማዋ?»

«አዎ። ሊያገባት ነው።»

«ተው እንጂ! ልጅቷስ?»

ዘመድ የሚያሙ መስሎኝ ዝም አልኩ። ነገሩ የገባኝ ጥቂት ቆይቶ፣ «ሰውየው ደም ጠጥቶ የወጣ ቀን» ሲባል ስሰማ ነው። ረዳቱ የሚተርከው ሻርሌን ሃሪስ የተባለች አሜሪካዊት የጻፈችውን የቫምፓየር ልብ ወለድ ነበር፤ ያውም የመጀመሪያውን ሳይሆን አሥራ ሦስተኛውን፣ የመጨረሻውን። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የመኝታ ክፍል ጓደኛው በፍላሽ የሰጠውን ተከታታይ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ እያነበበ ለሾፌሩ በአማርኛ ያወርድለታል። አንድ መጽሐፍ አንድ የጅቡቲ ደርሶ መልስ ይፈጃል፤ ወደብ ላይ ሰልፍ ከበዛ አንድ ተኩል። አሥራ ሁለቱ እንዲህ አልቀዋል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ይህን ሥነ ጽሑፍ ለሚያስተምር ባልንጀራዬ ስነግረው ሳቀ። ያሳቀው ሾፌሩ አልነበረም፤ ቁጥሩ ነው። «አሥራ ሦስት? ሦስተኛው ላይ ማቆም ነበረባት። ከዚያ በኋላ ያለው እጣቢ ነው» አለኝ።

ይህ የእርሱ ብቻ ቢሆን በማኪያቶ እናሳልፈው ነበር። ግን መጽሐፍ አዟሪውም፣ ሐያሲውም፣ መጽሐፍ የማይገዛውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ተከታታይ ድርሰት ከመጀመሪያው በራቀ ቁጥር ይቀጥናል፣ ደራሲው ለኪሱ ይጽፋል፣ አንባቢው ለልማዱ ያነባል። ስለ ቫምፓየር ሲሆን ደግሞ አንድ ክስ ይጨመራል፤ አስፈሪ ፍጡር ሲለመድ ይረክሳል ይባላል። የእኛም ደራስያን ከዚህ አልተረፉም። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ እጅ በእጅ ሲነጠቅ፣ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ሲከተሉ «የመጀመሪያውን አያክልም» የሚለው ፍርድ ቀድሟቸው ገበያ ደርሶ ነበር። ዓለማየሁ ዋሴ ከ«እመጓ» በኋላ ባወጣቸው መጻሕፍት ላይም ያው ቃል ተደግሟል። አያክልም የሚሉትን ስንቶቹ እንዳነበቡት ብጠይቅ ከብዙ ወዳጅ ጋር እጣላለሁ።

የእኔ ሙግት ተቃራኒው ነው። በቫምፓየር ታሪክ ቀላሉ መጽሐፍ የመጀመሪያው ነው። በጨለማ ጥርስ ማሳየት ለማንም ጀማሪ ይቻለዋል። ጥርስ ያለው ፍጡር ግብር ሲከፍል፣ ሲያረጅበት፣ ሲያፍር፣ የሞተ ወላጁ የገባው ቃል አንገቱን ሲይዘው ማሳየት ግን ዓመታትና ብዙ ሺህ ገጽ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ብቻ የሚያወድስ ሰው የሚያወድሰው የገዛ ፍርሃቱን ነው።

የሃሪስን ተከታታይ ላላነበበ ሰው በአጭሩ ልንገር። መጀመሪያው «ዴድ አንቲል ዳርክ» እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ጃፓኖች ሰው ሠራሽ ደም ስለሠሩ ቫምፓየሮች ከተደበቁበት ወጥተው «አለን» ብለዋል። ሉዊዚያና ውስጥ ቦን ቶን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሱኪ ስታክሃውስ የምትባል የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ አለች፤ የሰው ሐሳብ ይሰማታል፣ የቫምፓየር ሐሳብ ግን አይሰማትም። ያረፈችው ከእነርሱ ጋር ነው። በዚያው በመጀመሪያው መጽሐፍ ያሳደገቻት አያቷ ቤቷ ውስጥ ትገደላለች። ከዚያ በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ እየወጣ እ.ኤ.አ. በ2013 በ«ዴድ ኤቨር አፍተር» ተዘጋ። ኤችቢኦ «ትሩ ብለድ» ብሎ ለሰባት ምዕራፍ በቴሌቪዥን አሳየው።

አሁን የባልንጀራዬ ወገኖች በጣም ወደሚያሾፉበት ቦታ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው በአሥራ አንደኛው መጽሐፍ ሱኪ የአያቷን ቆጥ ታጸዳለች። አዎ፣ ቆጥ። ሳጥን ታወርዳለች፣ አቧራ ታራግፋለች፣ አሮጌ ዕቃ ለሚገዙ ሰዎች ትሸጣለች። ለጓደኛዋም ልጅ ሊወለድ ሲል ድግስ ትደግሳለች። «ቫምፓየር ልናነብ መጥተን የቤት ጽዳት አነበብን» አሉ። ደራሲዋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለታቸው ነው።

ነገር ግን ያቺ አያት እንዴት እንደሞተች እናስታውስ። በመጀመሪያው መጽሐፍ የሞተችው እኛ እንድንደነግጥ ነው። ወጥ ቤት ወለል ላይ ደም ፈሰሰ፣ ቀብር ሆነ፣ ታሪኩ ገዳይ ፍለጋ ሮጠ። ልቅሶ የሚቀመጥበት ገጽ አልነበረም፤ የመጀመሪያ መጽሐፍ ጊዜ የለውማ። እኛ አገር ለቅሶ በቀብር አያልቅም። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፣ አቅም ያለው ሰባት ዓመት ያወጣል። የሟቿን ሳጥን የሚከፍተው ደግሞ ማንም ቀን ቆጥሮ አይደለም፤ አንድ ቀን እጅ እሺ ይላል። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ የተከተለ አንባቢ ያንን ቆጥ ለመክፈት አሥር ዓመት ጠብቋል። ሳጥኑ ሲከፈት የሚሸተው ናፍታሊን የእርሱም ነው። ይህን ስሜት በአንድ መጽሐፍ የሚሰጥ ደራሲ ካለ አሳዩኝ።

ባልንጀራዬ ሌላም ክስ አለው፤ መደጋገም። ዘግየት ያሉት መጻሕፍት በየመክፈቻቸው ያለፈውን ይከልሳሉ፣ የትናንሽ ሰዎችን ወሬ ይዘረዝራሉ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን አረገዘ፣ ማን ሥራ ለቀቀ። ሴራው አይንቀሳቀስም።

ይህን ክስ አፋር መሬት ላይ ቆሞ ማሰማት ይከብዳል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ዳጉ አለ። ቆመው ወይም ጥላ ፈልገው ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ የማን ከብት ወዴት ተሻገረ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። በዓይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል፤ አድማጩም ለሚቀጥለው ሰው በዚያው ልክ ያደርሳል። ትናንት ዳጉ ስለሰማሁ ዛሬ አልቆምም የሚል የለም። የዛሬው ዳጉ ከትናንቱ በአንድ ጉድጓድ ውኃ ብቻ ቢለይ፣ ያቺ አንድ ጉድጓድ መንጋ ታድናለች። ዳጉ ላይ «ሴራው አይንቀሳቀስም» ብሎ የሚያማርር ሐያሲ ከብቶቹን ይዞ የት እንደሚደርስ ማየት እፈልጋለሁ።

ረዳቱ ለሾፌሩ የሚያደርግለትም ዳጉ ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ። ገዋኔ ስንደርስ፣ የአየሉ ተራራ ጥቁር ሆኖ ቆሞ፣ ሾፌሩ የጠየቀው ስለ ገዳዩ አልነበረም። ስለ መጠጥ ቤቱ ነው። «ሳም ቤቱን ሸጠው ወይስ አልሸጠውም?» አለ። ሳም መልኩን ወደ እንስሳ የሚለውጥ ሰው፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነው። ሾፌሩ ግን የሚያስበው ስለ ሳም ዕዳ ነበር፤ እርሱም የመኪናው ባለቤት አይደለም።

ሬዲዮ ያሳደገን ሰዎች ይህን ማወቅ ነበረብን። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ሄዷል። አድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጻፉ። በሁለት መቶኛው ክፍል ላይ «ቀጠነ» ብሎ ሬዲዮኑን የዘጋ ጎረቤት አላስታውስም፤ ባትሪ ያለቀበት ግን ግድግዳችን ሥር መጥቶ ይቆም ነበር።

ይኸው ነገር ለቫምፓየርም አዲስ አይደለም። «ቫምፓየር ማለት ድራኩላ ነው፣ አንድ መጽሐፍ፣ አለቀ» የሚሉ አሉ። የብራም ስቶከር ድራኩላ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው የወጣው። ከእርሱ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ፣ ከ1845 እስከ 1847፣ ለንደን ውስጥ «ቫርኒ ዘ ቫምፓየር» በየሳምንቱ በሳንቲም እየተሸጠ ከ200 በላይ ምዕራፍ ደርሷል። ቫርኒ መጀመሪያ ላይ በመስኮት ገብቶ ልጃገረድ የሚነክስ ጭራቅ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ራሱን የጠላ፣ መኖር ያንገሸገሸው ምስኪን ሆኖ ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ውስጥ ዘሎ ይገባል። (አፋር ቢሆን ኤርታሌ ቅርብ ነበረለት።) አንባቢው ያዘነለት በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም። ቫምፓየር በእንግሊዝኛ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተከታታይ ነበር፤ የርኅራኄውም ምንጭ ርዝመቱ ነው።

አን ራይስን ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ኢንተርቪው ዊዝ ዘ ቫምፓየር» ሉዊ የተባለው ቫምፓየር የሚሰጠው ቃል ነው። በእርሱ አንደበት ሌስታት የሚባለው ፈጣሪው ጨካኝ፣ ባለጌ፣ አእምሮ ቢስ ነው። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለተኛው መጽሐፍ ሲመጣ ተናጋሪው ሌስታት ራሱ ሆነ፤ የተባለበትንም እየጠቀሰ መለሰ። አገሬው በላ ልበልሃ ሲሟገት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሐያሲ አያስፈልገውም። ከሳሽ እንዳወጋ ተነሥቶ የሚፈርድ ዳኛ ዳኛ አይደለም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንብቦ «በቃኝ» የሚል ሰው የሰማው የከሳሽን ቃል ነው። ራይስ እስከ 2018 ድረስ እየተመላለሰች ጻፈች፤ በመሐሉ አንዳንዱ መጽሐፍ ከአንባቢ ጋር አጣልቷታል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአደባባይ መልስ እስከ መስጠት ደርሳለች። ቢሆንም አሥር ጊዜ ተነሥቶ የተናገረ ተከሳሽ አንድ ጊዜ ከተናገረ ከሳሽ ይልቅ ሰው ይሆንብናል፤ ብንፈርድበት እንኳ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሰው አገር ጭራቅ ነው። የራሳችንን ላንሣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

ቫምፓየር የለንም የሚል ሰው ቡዳን ረስቷል። ቡዳ ቀን ሰው ነው፣ ማታ ጅብ ነው፤ በዓይኑ ይበላል፣ የበላው ሰው ይከሳል፣ ይለፈልፋል። እንደ ቫምፓየሩ ሁሉ ከመካከላችን ነው፣ መልኩም ያምራል ይባላል። ልዩነቱ የእኛ ቡዳ አድራሻ አለው፤ ብረት ቀጥቃጩ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት፣ ቆዳ ፋቂው ነው። ሁላችንም የእነርሱን ማረሻ ጨብጠን፣ በእነርሱ ምጣድ ጋግረን አድገናል።

እኔ ባደግሁበት መንደር ጀበናና ድስት የምትሠራ ሴት ነበረች። ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ በደጃችን ታልፋለች። እናቴ ጀበና ስትገዛት በአጥር በላይ ትቀበላለች፣ ገንዘቡን ድንጋይ ላይ ታስቀምጥላታለች። እኔና እኅቴ ያን ጊዜ እንጀራ በእጃችን ካለ ከጀርባችን እንደብቃለን። ጀበናዋ ግን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ምድጃችን ላይ ትጣዳለች። ሴትየዋ አንድ ጊዜ ዝናብ ይዟት ደጃፋችን ሥር ቆማ ነበር፤ ውኃ ጠርዙ በተሸረፈ ቅል ተሰጣት፣ ቅሉም ከዚያ በኋላ ወደ ቤት አልገባም። ጅብ ሲጮህ «እሷ ናት» እየተባባልን ብርድ ልብስ ስንከናነብ እርሷ ጎጆዋ ውስጥ ምን ታደርግ እንደነበር አስቤ አላውቅም። ምናልባት ጅቡ ያስፈራት ይሆናል።

የእርሷ ታሪክ መጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ቀርቷል። መንደሩ በሙሉ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በቃሉ ያውቃል፣ ለልጅ ልጁ ያስተላልፋል፤ ሁለተኛውን የጻፈ የለም። ቆጧን የከፈተ የለም። የሰው ዓይን ስትፈራ፣ ልጇን ለማን እንደምትድር ስትጨነቅ፣ ጭቃዋ አልቦካ ብሎ ስትበሳጭ የሚታይበት አሥራ አንደኛ መጽሐፍ የላትም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጅ ግን ክፉ ስም ይከለክል ይሆናል እንጂ ወሬውን ከጀመረበት አያስቀጥለውም። «ጭራቅ ሲለመድ ይረክሳል» የሚለውን የባልንጀራዬን ቃል ስሰማ የምትታየኝ ያቺ ሴት ናት። ምነው በረከሰ! ምነው ያ ጭራቅነቷ በልማድ አልቆ ተራ ጎረቤት ሆና ቡና በተጠራች!

ከመንደር ወደ አደባባይ እንውጣ። በደርግ ጊዜ «ደም መጣጭ» የሚለው ቃል ከሬዲዮ አይወርድም ነበር። ባለመሬቱ ደም መጣጭ፣ ነጋዴው ደም መጣጭ፣ ኋላ ደግሞ ትናንት አብሮ የተሰለፈው ተማሪ። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ ሲከሰክስ፣ ሕዝቡ የተሰጠው አንድ አጭር የጭራቅ ታሪክ ነው። ያ ታሪክ ሁለተኛ መጽሐፍ እንዲኖረው አልተፈለገም። «ደም መጣጭ» የተባለው ሰው ቤት ገብቶ እናቱን፣ ያላለቀ የዕቁብ ዕጣውን፣ ቁልፏ የጠፋች ሸሚዙን ያየ ገዳይ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላላ። በልብ ወለድ «አጭሩ ይሻላል» ብለን ስንፈርድ የሥነ ጽሑፍ ጣዕም ብቻ የምንናገር ይመስለናል። ጭራቅን በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ የማስቀረት ልማዳችን ግን ከመጽሐፍ መደርደሪያ ይሰፋል።

አሁን የተቃራኒውን ጠንካራ መከራከሪያ ሳላነሳ ባልፍ ማጭበርበር ይሆናል። በእርግጥም የቀጠኑ ተከታታዮች አሉ። የሎረል ኬ. ሃሚልተን የአኒታ ብሌክ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1993 ጀምሮ በ2023 ሠላሳኛው ላይ ደርሷል። ከአሥረኛው ወዲህ ምርመራው እየሳሳ አልጋው እየበዛ ሄደ፤ ብዙ አንባቢ ተማርሮ ወጣ፣ እኔም አሥራ ምናምነኛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባልንጀራዬ ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርባል። እኔ ደግሞ ለራሴ እወስደዋለሁ። አኒታ በየመጽሐፉ አዲስ ኃይል ትጨምራለች፣ ጠላቷም ከባለፈው የበረታ ይሆናል፣ እርሷ ደግሞ ከእርሱ ትበረታለች። ይህ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሠላሳ ጊዜ በበለጠ ድምፅ መጮኹ ነው። ደራሲዋ የወደቀችው ስለዘገየች አይደለም፤ መዘግየትን እምቢ ስላለች ነው። ቆጥ የለበትም።

ለገንዘብ ነው የሚለውን ክስ ደግሞ ብዙ አልከራከርበትም። አዎ፣ ለገንዘብም ነው። ሸክላ ሠሪዋም ጀበናዋን የሠራችው ልትሸጥ ነው።

ስለ ቡናውስ? ይህን ምሳሌ ሳይጠቅስ ተከታታይ መጽሐፍ የሚተች ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም። አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናው ይሳሳል፣ በረካው ውኃ ነው ይላሉ። በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው ግን ቸኩሎ ወይም ተቀይሞ ነው። እናቶች ነገር የሚያወጡት፣ የታመመችው ጎረቤት ስም የሚነሣው፣ የተጣሉት የሚታረቁት ያኔ ነው። ምሳሌውን ያመጡት እነርሱ ናቸው፤ ሳይጨርሱት ተነሡ እንጂ።

ወደ አሥራ ሦስተኛው መጽሐፍ ልመለስ፤ መጨረሻውን ስለምናገር ሾፌሩ እንዳይሰማ። ሱኪን ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ጀምሮ የሚከጅላት ኤሪክ የሚባል ሺህ ዓመት የኖረ ቫይኪንግ አለ። መጀመሪያ ስናውቀው ሽሬቭፖርት ውስጥ መጠጥ ቤት ከፍቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ፣ ሁሉ የሚፈራው ነው። አንባቢው ሁሉ ለእርሱ ድሯት ነበር። በመጨረሻዎቹ መጻሕፍት ግን ኤሪክን ቫምፓየር ያደረገው፣ አሁን በሕይወት የሌለው ጌታው፣ ከመጥፋቱ በፊት ለኦክላሆማዋ ንግሥት እንደ ባል ሊሰጠው ውል ገብቶ እንደነበር ይታወቃል። ኤሪክ ይሄዳል። ሱኪ ከሳም ጋር ትቀራለች፤ ያም በችኮላ አይደለም። አንድ ቅጂ ከሽያጩ ቀን በፊት ጀርመን ውስጥ ወጥቶ ይህ ሲሰማ አንባቢዎች አበዱ፤ ቁጣው ደራሲዋን እስከ መዛት ደረሰ። ዛቻው አሳፋሪ ነው። ቢሆንም ለእጣቢ ብሎ የሚዝት ሰው አይቼ አላውቅም።

ይህን ውል ረዳቱ የተረከው ሚሌ ኬላ ላይ ቆመን፣ ወረቀት እስኪታይ ስንጠብቅ ነው። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ቆየ።

«ሺህ ዓመት ኖሮ» አለ፣ «ሺህ ዓመት ኖሮ ከአባቱ ቃል አላመለጠም?»

«አባቱ አይደለም፣ ጋሼ፣ ፈጣሪው...»

«ያው ነው። እናንተ አብሱማ የምትሉት አይደል?»

አብሱማ በአፋር ዘንድ የአክስትና የአጎት ልጆች፣ ብዙ ጊዜ ገና በልጅነት፣ አንዱ ለሌላው የሚታጭበት ልማድ ነው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ስልኩን አጥፍቶ ጉልበቱ ላይ ገለበጠው። ሾፌሩም የነካው ነገር እንዳለ ገባውና ሲጋራ አቀጣጠለለት። ያ ቀዝቃዛ፣ ዕብሪተኛ፣ ሺህ ዓመት የሰው ደም የጠጣ ፍጡር በዚያች ደቂቃ ጋቢናው ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር፣ አራተኛ ሰው ሆኖ፣ እጮኛ ተመርጦለት። እንዲህ የሚያስቀምጠው የመጀመሪያ መጽሐፍ ካለ ባልንጀራዬ ስሙን ይንገረኝ፤ ሄጄ እገዛለሁ።

ሎጊያን አልፈን ሰመራ የገባነው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ቀን አርባ ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት ቢበርድም አስፋልቱ ገና ይተፋል። ርዕሰ ከተማነቱን ከአሳይታ የተረከበችው ይህች ከተማ በግንቦት ቀን ቀን የተኛች ትመስላለች፤ ከመግሪብ በኋላ ነው ነፍስ የምትዘራው። ሻይ ቤቱ በር ላይ ወንበር ተደርድሯል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አልጋውን ውጭ አውጥቶ የተጋደመም አለ። ቫምፓየር እዚህ ቢኖር የሥራ ሰዓቱ ከሰው ጋር ይገጥምለት ነበር፤ ደም የምትመጠው ግን የአዋሽ ሸለቆ የወባ ትንኝ ብቻ ናት፣ እርሷም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሥራዋን ጀምራለች።

ቦርሳዬን ሳወርድ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«አንተ የተማርክ ትመስላለህ። መጨረሻውን ታውቀዋለህ?»

አውቀዋለሁ አልኩት።

«እንዳትነግረኝ» አለና ወደ ልጁ ዞረ። «አንተም ዛሬ አትጨርሰው። ጭነን ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ።»

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ተሳቢው ወደ ገላፊ ሲያቀና የኋላ መብራቱ አንዱ ብቻ ይበራ ነበር።